የባሊኖራን ጥንቸል

“ለማን ነው የምትቆፍረው?” አለ ዶናል፣ ሚስቱ ሺላ የጋገረችውን ዳቦ ከዝናቡ ለማስጣል ኮቱ ውስጥ እንደ ሸጎጠ።

ኮን አካፋውን አላቆመም። እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል፤ ቆቡ በስብሶ ጆሮው ላይ ተለጥፏል። ከአጥሩ እንጨት ጋር የታሰረችው ውሻ ዶሊ ቀጫጭን እግሮቿን አጣብቃ፣ የሚወረወረውን ጭቃ በዓይኗ ትከተላለች።

“ለድንች ነው እንዳትለኝ ብቻ። በኖቬምበር ድንች የሚተክል ሰው አላውቅም።”

“ለእሷ ነው፣” አለ ኮን፣ በአገጩ ወደ ውሻዋ እያመለከተ።

ዶናል ጉድጓዱን አየ። ወንድሙን አየ። እንደገና ጉድጓዱን አየ። “ለውሻ ረዝሟል፣” አለ።

“እግሯ ረጅም ነው።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዶናል ይስቅ ነበር። ኮን ሲቀልድ ግን አንደኛው ቅንድቡ ከፍ ይላል፤ ዛሬ ቅንድቡ ንቅንቅ አላለም። ታላቅ ወንድሙ እህል እየጠላ፣ ጢሙን መላጨት እየተወ፣ ቅዳሜ ወደ ውሻ መሮጫው ሜዳ ሲመጣ እንኳ ከሰው ተለይቶ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ከጀመረ ሰነባበተ። ሺላ “ብቸኝነት ነው፤ እናታችሁ ከሞቱ ወዲህ ነው፣” ትላለች። ዶናል ግን የሚያውቀውን ያውቃል። ኮን ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ እናቱን አስታሞ ከቀበረ በኋላ የቀረችው ይህቺ ግራጫ የሩጫ ውሻ ናት። እሷ ደግሞ የምትሮጠው ባሊኖራን ሜዳ ነው። ባሊኖራን ከተዘጋ ሌላው ሜዳ ሩቅ ነው፤ የኮን አሮጌ መኪና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የሚሞትበት ሩቅ። ከሩጫው ጋር ቅዳሜውም ይቀራል፣ ሰውም ይቀራል፣ ኮንም ከዚያ ቤት የሚወጣበት ምክንያት ይቀራል።

ነገሩ የሚቆረጠው ደግሞ ዛሬ ነው። መንግሥት ለፈረስና ለውሻ ውድድር በየዓመቱ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ዛሬ ከሰዓት ደብሊን ውስጥ ፓርላማው ድምፅ ይሰጣል። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ቦርድ “የትናንሽ ሜዳዎች ጉዳይ ከድምፁ በኋላ ይታያል” ብሎ አገሩን ሁሉ አንጠልጥሎ ይዞታል።

“እስቲ መጀመሪያ ድምፁ ይሰጥ እንጂ፣ አንተ ሰው!” አለ ዶናል። “ሳትሞት ጉድጓድ ይማሳል እንዴ?”

“ይጥሉታል። ሬዲዮ አትሰማም? የከተማው ሰው ሁሉ የውሻው ገንዘብ ለሆስፒታል ይሁን እያለ ነው። ደግሞ ቁጭ ብለህ ስታስበው ምን ሐሰት አለው?”

“እሺ፣ ይጣሉት። ለሰው ስጣት እንግዲያ። ከሩጫ የወጡ ውሾችን የሚቀበል ማኅበር አለ አይደል?”

“ደውዬ ነበር። ወረፋ ነው አሉኝ።” ኮን ምራቁን እንትፍ አለ። “ወረፋው ቢደርሰንስ? የደብሊን ሴትዮ ፒጃማ ልታለብሳት? ዶሊን! ፒጃማ!”

“ፒጃማ ለብሶ የሞተ ውሻ አላየሁም።”

“አንተ ማታ ማታ አትሰማትም። አንድ ሳምንት ሳትሮጥ ስትቀር፣ ሜዳው ላይ የምታባርራትን የጨርቅ ጥንቸል ሽቦ ጩኸት ሳትሰማ ስትቀር፣ ስታለቅስ ነው የምታድረው። ከእንግዲህ ጥንቸል የለም ብዬ ላስረዳት? በየትኛው ቋንቋ?” አካፋውን ጭቃው ውስጥ ሰካውና ተደገፈው። “እንዲህ እየናፈቃት ከምትኖር አይሻልም? አንዴ ነው። አታውቀውም እንኳ።”

ዶናል ወንድሙ ስለ ውሻዋ ይሁን ስለ ራሱ የሚያወራው ግራ ገባው።  ዝናቡም በረታ።

“ና ቤት ገብተን እናውራ። እሷም ትግባና ትሙቅ፤ እየተንቀጠቀጠች እኮ ነው።”

“እሷ? ቤት ውስጥ?” ኮን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። “አባታችን ቤት?”

በዚያ አገር የሩጫ ውሻ ከሰው ተሽሎ ይበላል። ዳቦው በሥጋ መረቅ ይርስለታል፣ እግሩ በዘይት ይታሽለታል፣ ብርድ ሲሆን ከባለቤቱ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተገፎ ይሄድለታል። የቤት ደፍ ግን አይረግጥም። ምድጃ ያየ ውሻ እግሩ ይሰንፋል ባዮች ናቸው፣ ክርክርም የለውም። ኮን ልጅ ሳለ ቡችላ አልጋው ውስጥ ደብቆ ቢያገኙት አባቱ በቀበቶ ገርፈውታል፤ ቡችላውንም በማግሥቱ ሸጡት። ከአያታቸው ጀምሮ የዚያን ቤት ደፍ የተሻገረ የውሻ እግር የለም።

ዶሊ ጓሮ ወዳለው ቤቷ ተወሰደች። ወንድማማቾቹ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ምድጃው ጠፍቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ በተዘረጋ አሮጌ ፎጣ ላይ፣ ቁራ ማባረሪያው ጠመንጃ ተወልውሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ሁለት ጥይት ቆሟል።

“ሁለት?” አለ ዶናል። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው።

“አንዱ ቢስትስ?”

“አንተ? ከአጥር ላይ ያለች ቁራ መርጠህ የምትመታው ሰውዬ?”

ኮን ዳቦውን ተቀብሎ አሸተተና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። “ሺላን አመስግንልኝ፣” አለ፤ እንደ እንግዳ።

ዶናል ጥይቶቹን አፈፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ።

“ሳጥን ሙሉ አለኝ፣ አንተ ልጅ፣” አለ ኮን፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። “ጠመንጃዬን ከነካህ ግን ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ።”

ይህ ነው ዶናልን ያሰረው። ነጥቆ መሄድ ይችላል፤ በጉልበት ይበልጠዋል። ነገር ግን ኮን በሩን ከዘጋበት ማን ገብቶ ያየዋል? ማን ዳቦ ያመጣለታል? ጠመንጃ ደግሞ ከጎረቤት ይገኛል።

“እስከ ማታ ቆይልኝ፣” አለው። “ድምፁ እስኪሰጥ። በእናታችን ይሁንብህ።”

ኮን በመስኮቱ ወደ ጓሮው ሲመለከት ቆየ። “እስከ ማታ፣” አለ በመጨረሻ።

ዶናል ወደ ሜዳው እስኪደርስ እንዴት እንደነዳ አያውቀውም። የባሊኖራን ሜዳ ጠባቂው፣ ሣር አጫጁ፣ የመብራት አዋቂው እሱ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጥንቸል ነጂ ነው። ከሜዳው በላይ ባለችው የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጦ፣ በሽቦ የምትጎተተውን የጨርቅ ጥንቸል ፍጥነት በአንዲት እጀታ ይቆጣጠራል። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ጥንቸሏ ከውሾቹ አፍንጫ ከራቀች ልባቸው ይወድቅና ይተዋሉ፤ ከቀረበች ይይዟታል። አንዴ የያዘ ውሻ ደግሞ ጨርቅ መሆኗን ያውቅና አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ አይሮጥላትም፤ ለሩጫ ሞተ ማለት ነው። ዶናል እዚያ ማማ ላይ ፀጉሩን ሲያሸብት ጥንቸሏን ለማንም ውሻ አስይዞ አያውቅም። ሰካራሙም ጨዋውም ይህን ይመሰክርለታል፣ እሱም ይኮራበታል።

ሻይ ቤቷ ውስጥ ማጅ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጋ ድንች ትልጣለች። ማጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተመልካቹ ሻይና ጥብስ ድንች የምትሸጥ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ዛሬ ግን ጆሮዋ ሬዲዮው ላይ ነው።

“ኮንስ?” አለችው።

“ጉድጓድ እየቆፈረ ነው።”

ማጅ ቢላዋዋን አስቀመጠች። “ለዶሊ?”

“ለዶሊ ይላል።”

 ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ሁለቱም ሬዲዮውን ትክ ብለው አዩት፤ ከውስጡ ሰው የሚወጣ ይመስል። አንዲት የምክር ቤት አባል ስለ ተጎዱ ውሾች ተናገረች፤ ማጅ ራሷን ነቀነቀች። አንዱ ስለ ገጠሩ ሰው ኑሮ ተናገረ፤ ማጅ “ይበል!” አለች። ከዚያ ረጅም ጉርምርምታ ሆነ፤ ከዚያም አፈ ጉባኤው ቁጥሩን አነበበ።

አልፏል። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዩሮ፣ ካምናው እንኳ ከፍ ብሎ፣ አልፏል።

ማጅ እልል አለች ቢባል ያንሳል። ዶናልን አንገቱን አንቃ ሳመችው፣ የድንቹን ገበታ ገለበጠችው፣ “ጩኸታችን በከንቱ አልቀረም!” እያለች ክፍሉን ዞረችው። እውነቷን ነው፤ የባሊኖራን ሰው አውቶቡስ ተከራይቶ ደብሊን ድረስ ሄዶ፣ በፓርላማው በር ላይ “ውድድራችንን አትግደሉ” የሚል ሰሌዳ ተሸክሞ በዝናብ ጮኋል። ኮን ድምፁ እስኪዘጋ ነበር የጮኸው። ዶናል ለወረዳቸው የምክር ቤት አባል ለጄራልድ ፍላኒሪ ደወለ። ለኮን የሚነግረው ቁርጥ ያለ ቃል ፈልጎ ነው።

“ዶናል! ሰማህ አይደል? አሳለፍነው!” አለ ፍላኒሪ። ከበስተኋላው ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

“እግዜር ይስጥህ፣ ጄራልድ። ሰው ነው ያተረፍከው፣ አታውቅም እንጂ። አሁን እንግዲህ ለኮን ሜዳው ተረፈ ልበለው?”

ሳቁ ከበስተኋላ ቀጠለ። የፍላኒሪ ድምፅ ግን ወረደ። “የትኛው… ባሊኖራን ነው የምትለው?”

“ታዲያ የማንን ሜዳ እላለሁ?”

“አየህ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቶው ሰማኒያው የፈረስ ነው፤ እሱ የታወቀ ነው። ሃያው የውሻ ነው። ያንን ሃያውን ቦርዱ በትልልቆቹ ሜዳዎች ላይ ሊያውለው ነው፤ ሽልማቱን ከፍ ማድረግ፣ ወንበሩን ማደስ፣ እንዲህ እንዲህ ነገር። ባሊኖራን ከአዲሱ ዓመት ወዲህ የለችበትም። አልነገሯችሁም እንዴ?”

“ቦርዱ ከድምፁ በኋላ ይታያል ነው ያለን።”

“እሱ እንኳ… አፋቸውን ለማሳመር ነው።”

“መቼ ተወሰነ?”

“ቆየት ብሏል።”

“መቼ ነው የምልህ፣ ጄራልድ!”

“አውቶቡስ ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት።”

ዶናል ግድግዳውን ያዘ። ያ ቀን ፊቱ ላይ መጣ፤ ፍላኒሪ ከፓርላማው ወጥቶ እጃቸውን አንድ በአንድ ሲጨብጥ፣ ኮንን “የአገር ጀግና” ብሎ ትከሻውን ሲመታው፣ ሁሉንም ሻይ ቤት ወስዶ ሲጋብዝ። ያን ጊዜ ያውቅ ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ ስኳር እያቀበላቸው ያውቅ ነበር።

“እያወቅህ ነው ሻይ የጋበዝከን?”

“ዶናል ወንድሜ፣ ጩኸታችሁ ለውድድሩ በጠቅላላ ትልቅ—”

“በገዛ ጉሮሯችን እኮ ነው ሜዳችን እንዲዘጋ ያስጮኽከን!”

“ተረጋጋ እስቲ። ስለ ካሳ እናነሳለን። ኮን ደህና ነው? እናታችሁን ስንቀብር አግኝቼው—”

በዚያ አገር ፖለቲከኛ ቀብር አይቀርም። በእናታቸው ቀብር ፍላኒሪ ከቄሱ ቀድሞ ነበር የደረሰው።

“አንድ ነገር ልለምንህ፣” አለ ዶናል።  “የወንድሜ ቀብር ላይ እንዳላይህ።” ስልኩን ዘጋው።

ማጅ የድንች ልጣጭ በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ አመድ መስሏል። “ኧረ በማርያም! ለኮን ማን ይነግረዋል?”

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ደጋግሞ፣ እንደ ሰርግ።

ኮን ነው። ጢሙን ተላጭቷል፤ ለመላጨት ከቸኮለው የተነሣ አገጩ ላይ ቁራጭ ወረቀት በደም ተለጥፏል። ለቀብርና ለፍጻሜ ውድድር የሚያደርገውን ቆቡን አድርጓል። ዶሊን በአጭር ገመድ ይዞ በትልልቅ እርምጃ ሲመጣ የአሥር ዓመት ዕድሜ የጣለ ይመስላል።

“ደፈንኩት!” አለ ገና ከሩቅ። “ጉድጓዱን ደፈንኩት፣ አንተ ልጅ! ሬዲዮውን ስሰማ አካፋውን ያዝኩና… ወገቤን ቆረጠኝ፣ ግን ደፈንኩት! የሺላንም ዳቦ በላሁት። ሙሉውን! ማጅ፣ ምን ሆነሽ? ማልቀስ አሁን ነው?”

“ሽንኩርት ነው፣” አለች ማጅ፣ ፊቷን አዙራ። ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም።

ዶናል ቀና ብሎ አየው። የኮን ቅንድብ ከፍ ብላለች። ያቺን ቅንድብ ካያት ስንት ጊዜው!

“ምን ይገትርሃል? ሳይጨልም ጥንቸሏን አስነሳልን እንጂ! ዛሬ ለደስታ ትሩጥ። እስቲ እያት፤ ገብቷታል እኮ!”

“ኮን…”

“ኋላ ታወራኛለህ። ውጣ ማማህ ላይ!”

ዶናል ወጣ። ፈሪ ነው በሉት፤ እሱም ራሱን ፈሪ ብሎታል፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ። ከላይ ሲያይ ኮን ዶሊን ወደ መነሻው ሳጥን ይዟት እየሄደ ጎንበስ ብሎ ያናግራታል። ምን እንደሚላት አይሰማም። ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ መዝጊያውን ዘጋና ክንዱን ወደ ማማው አወዛወዘ። የእናቱ ልጅ፣ ያ ግትር፣ ያ ጅል፣ እንደ ሕፃን ክንዱን አወዛወዘ። 

እጀታውን ገፋ። ሽቦው ጮኸ። ጥንቸሏ እየዘለለች ሳጥኑን ስታልፍ መዝጊያው ተከፈተ፣ ዶሊም ወጣች።

አርጅታለች፤ ለሩጫ ውሻ አርጅታለች። መነሻው ላይ ዝግ ትላለች። አንዴ ከዘረጋችው ግን አራቱም እግሯ መሬት የለቀቀ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያውን ኩርባ ስትዞር ዶናል እንደ ልማዱ ጥንቸሏን ከፊቷ አደረጋት፤ ሳያርቅ፣ ሳያቀርብ። እጁ ሥራውን ያውቃል። ጭንቅላቱ ግን የጠዋቱን ንግግር ይዞ ቀርቷል። እየናፈቃት ከምትኖር። በየትኛው ቋንቋ ላስረዳት። አሁን ይህ ሩጫ ያልቃል፤ እሱ ይወርዳል፤ ወርዶ ለኮን ይነግረዋል። ኮን ጉድጓዱን መልሶ ይቆፍረዋል። ጭቃው ገና ለስላሳ ነው። ዶሊም ናፍቆቷን እንደያዘች ትገባበታለች፤ እሷ ብቻም አይደለችም።

የመጨረሻው ኩርባ ላይ የዶናል እጅ እጀታውን ወደ ኋላ ሳበ። ቀስ ብሎ፣ እንዳትሰበር፣ ሽቦው እግሯን እንዳይጠልፋት፣ ቀስ ብሎ።

“ዶናል!” አለ ኮን ከታች። “ቀረበች! ዶናል! ንዳ እንጂ! ንዳ!”

ዶናል አልነዳም። ጥንቸሏ ተንገዳገደች፣ ዘገየች፣ ቆመች። ዶሊ ያዘቻት።

አንዴ አራገፈቻት። ሁለቴ አራገፈቻት። ከዚያ ጨርቁን በአፏ ይዛ ቀና አለችና ግራ ቀኝ አየች፤ “ይኸው ነው?” የምትል ይመስል።  ጨርቁን ከማሰሪያው ቦጭቃ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች ለኮን ልታሳየው ሄደች።

ዶናል ከማማው ሲወርድ ኮን ሜዳው መሃል ቆሞ ይጮሃል።

“ገደልካት! ምነው ምን አደረገችህ? ከእንግዲህ አትሮጥም እኮ! በሕይወቷ ሁለተኛ አትሮጥም! ሰክረሃል? አንተን እኮ ነው የማምነው! ካገሩ ሁሉ አንተን ነው የማምነው!”

“የምትሮጥበት የለም፣ ኮን።”

“ምን?”

“ሜዳው ይዘጋል። ገንዘቡ አልፏል፤ የኛ አይደለም። ለትልልቆቹ ነው። ደብሊን ሄደን ስንጮህ ተወስኖ አልቆ ነበር። ፍላኒሪ ያውቅ ነበር።”

ኮን ቆቡን አወለቀ። አገላብጦ አየውና መልሶ አደረገው። ቅንድቡ ወርዳለች።

“እኛ ግን ጮኽን፣” አለ።

“ጮኽን።”

“ሻይ ጋበዘን።”

“ጋበዘን።”

“ካንተ የተሻለ ጥንቸል ነጂ ነው፣” አለ ኮን በዝግታ። “ሳያርቅ፣ ሳያቀርብ… ይኸው እስከዚህ አስሮጠን።”

ዶሊ ጨርቁን እግሩ ላይ ጣለችለት። አላነሳውም። መልሳ ያዘችው።

ዶናል ከኪሱ ሁለቱን ጥይት አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየው። “ሁለተኛው ለማን ነበር?”

ኮን ወደ ውሻዋ አየ።

“ለማን ነበር፣ ኮን?”

“ላንተ ሥራ እንዳላበዛ ብዬ ነው ጉድጓዱን ረዘም ያደረግኩት፣” አለ ኮን። “በዚህ ዝናብ አንተ ደግሞ ጉድጓድ ስትቆፍር…”

ከዚያ በላይ ዶናል አልቻለም። እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰው ሰውዬ እዚያ ሜዳ ላይ፣ ማጅ በመስኮት እያየችው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። “እኔስ?” አለ። “እኔስ? ጉድጓድ ቆፍረህ፣ ጠመንጃ ወልውለህ፣ እኔን የት አደረግከኝ? ውሻዋን ላለማስናፈቅ ታስባለህ፤ እኔ አልናፍቅም? ጨርቅ ነኝ እኔ?”

ኮን የሚያለቅስ ሰው ማባበል አያውቅበትም። እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ፣ በመጨረሻ የወንድሙን ኮት ቁልፍ ይዞ፣ የላላ መሆኑን እንደሚያይ ሰው፣ ጎተት ጎተት አደረገው። እንደዚያው ይዞት ቆየ።

“ታዲያ አሁን ምን ላድርጋት?” አለ። “ጥንቸሏን ይዛለች።”

“ይዛለች። ከእንግዲህ አይናፍቃትም፤ አታለቅስም።”

“ካልሮጠች ምንድን ናት?”

“ውሻ ናት፣” አለ ዶናል፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። “ዝም ብላ ውሻ።”

ኮን መኪናው ውስጥ አስገባት። ዶናል ተከትሎት ነዳ፤ ከኋላ መብራቱ ዓይኑን አልነቀለም። ቤቱ ሲደርሱ መሸት ብሏል፣ ዝናቡም አላባራም። ከጓሮ የተደፈነው ጉድጓድ ጭቃው ገና አልጠነከረም። አካፋው አጠገቡ ተሰክቷል።

ኮን የማድ ቤቱን በር ከፍቶ ገባና መብራቱን አበራ። ዶናል ከኋላው ገባ። ጠመንጃው ፎጣው ላይ እንዳለ ነው። አጠገቡ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ኮን ምድጃው ሥር ተንበርክኮ እንጨት ደረደረ፣ ክብሪት ጫረ፣ ነፋው። 

ዶሊ ከደፉ ውጭ ቆማለች። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ እሷ ግን እንደለመደችው የፊት እግሮቿን ከደፉ ማዶ አስተካክላ፣ ጨርቋን በአፏ ይዛ፣ ወደ ጓሮ ቤቷ የሚወስዳትን ትጠብቃለች። ከጆሮዋ ውሃ ይንጠባጠባል።

ኮን ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እጁን መዝጊያው ላይ አሳረፈ።  ኮን ዶሊን አያት፣ ደፉን አየው፣ ከዚያ ዞር ሳይል “ያን ብረት ውሰድልኝ፣” አለ።

“ጠመንጃውን?”

“ጥይቱም ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ሳጥኑን እንዳለ ውሰደው። ተኩስ ትፈራለች፤ ከእሷ ጋር አንድ ቤት አይሆንም።”

ዶናል ጠመንጃውን በፎጣው ጠቀለለ። ወንድሙን ማቀፍ ፈልጎ ነበር፤ ፈራውና ተወው።

ኮን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ነፋሱ ገብቶ የምድጃውን ጭስ በተነው። ዶሊ አንድ እግሯን አነሣች፣ ደፉ ላይ አሳረፈች፣ መልሳ አነሣችና ሽቅብ አየችው።

“ምን ያንቀረፍፍሻል?” አለ ኮን፣ ድምፁ እየተሰባበረ። “ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ! ቤቱን አቀዘቀዝሽብኝ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!”